ግጥም የሌለው አቤቱታ

በ2022 «ቤጃ ፓወር» የሚል አልበም በሸክላ ታትሞ ወጣ። የተጫወተው ኑሪ የተባለ የፖርት ሱዳን ሙዚቀኛ «ዶርፓ» ከተሰኘው ባንዱ ጋር ነው። ያሳተመው ደግሞ የሱማሌንና የሱዳንን የቆዩ ሙዚቃዎች እያፈላለገ በማውጣት የሚታወቀው ኦስቲናቶ ሬከርድስ ነው። በአልበሙ ውስጥ የሚዘፈን ቃል የለም። ጊታር፣ ሳክስፎን፣ ቤዝና ከበሮ ብቻ ይሰማል። ያም ሆኖ ስለ ምሥራቅ ሱዳን ድህነት፣ ሀብቱ በእጁ እያለፈ እሱ ጦሙን ስለሚያድር ሕዝብ፣ ይህን ያህል ክብደት ያለው ሥራ ከአካባቢው ማግኘት ይቸግራል። ቃል የሌለው ዜማ እንዴት አቤቱታ ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ሙዚቃው የበቀለበትን ምድር ታሪክ ከሥሩ መከተል ያስፈልጋል። (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢትዮጵያውያን የምሥራቅ ሱዳን ነባር ሕዝብ ከሆነው ከቤጃ ጋር ያላቸው ትውውቅ የትናንት አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ያስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ወንድሞቹ ያመፁትን ቤጃዎች እንዳስገበሩለት ይተርካል። ስድስት አለቆቻቸውን ከነሕዝባቸው ከአገራቸው አንሥቶ ሌላ ምድር ላይ እንዳሰፈራቸው፣ ለመንገዳቸውም ከብት፣ እህልና ልብስ እንደሰጣቸው ይናገራል። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ተፈራርቀዋል፤ ቤጃን ከመሬቱ የማንሣቱ ነገር ግን ደጋግሞ ተመልሷል፤ ያውም ያለ ከብትና ያለ ልብስ።

የዘመናችን ታሪክ የሚጀምረው በወደብ ነው። እንግሊዞች የቀድሞዋን ወደብ ሱዋኪንን ትተው በ1905 ፖርት ሱዳንን መቆርቆር ጀመሩ። ከዓባይ ዳር የተነሣ የባቡር ሐዲድም ቀይ ባሕር ደረሰ። የወደቡ ሸክም የቤጃ ወንዶች እንጀራ ሆነ፤ ጆንያ የሚሸከሙት፣ መርከብ የሚጭኑትና የሚያራግፉት እነሱ ነበሩ። በ1920ዎቹ ደግሞ ከሰላ አጠገብ የጋሽ ወንዝ ጎርፍ የሚያጠጣው ሜዳ ለጥጥ ተፈለገ። ከቤጃ ነገዶች አንዱ የሆኑት ሐደንደዋዎች ግመልና ከብታቸውን የሚያሰማሩበት፣ ማሽላቸውን የሚዘሩበት መሬት ለከሰላ ጥጥ ኩባንያ ተሰጠ። ቅሬታው ስለበረታ ኩባንያው ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ለቀቀ፤ ጥጡ ግን ቀረ። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ሐዲዱ ከከሰላ ወደ ደቡብ ተዘርግቶ ገዳሪፍን አገኘ።

የገዳሪፍ ነገር ትንሽ መቆየትን ይጠይቃል። ከተማዋ የቆመችበት ጥቁር አፈር በክረምት ጭቃው እግር ይይዛል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ የእንግሊዝ አስተዳደር ለሠራዊቱና ለከተሞች የሚሆን ማሽላ በትራክተር ማሳረስ የጀመረው በዚህ አፈር ላይ ነው። ከነጻነት በኋላ ሥራው ወደ ባለሀብቶች ዞረ። ካርቱም ወይም ገዳሪፍ ከተማ የሚኖር ነጋዴ ሺህ ፈዳን (የሱዳን የመሬት መለኪያ ነው) የሚጠጋ መሬት ከመንግሥት ይከራያል፣ ትራክተር ያስገባል፣ አፈሩ ሲደክምበት ሌላ ይጠይቃል። የዘላኖች የግጦሽ መንገድ በየዓመቱ እየጠበበ ሄደ። ዛሬ ገዳሪፍ የሱዳን የሰሊጥና የማሽላ ማእከል ናት፤ በሰሊጥ ገበያዋ የሚቆረጠው ዋጋ መተማና ሑመራ ድረስ ይሰማል።

ማሳው በትራክተር ቢታረስም አረሙና አጨዳው የሰው እጅ ይፈልጋል። ሰሊጥ በተለይ ጊዜ አይሰጥም። ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ከዘገየ ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር ቶሎ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ በሚባለው ክምር መቆም አለበት። ለዚህ ሥራ ከጎንደር፣ ከቋራና ከአርማጭሆ በመተማና በገላባት በኩል የሚሻገሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከዳርፉርና ከኮርዶፋን፣ ከምዕራብ አፍሪካም ድሮ መጥተው የሰፈሩ አሉ። ጨለማና ወባ፣ የካላዛር ትንኝ፣ በአቀባባይ በኩል የሚደርስ የተሸራረፈ ክፍያ፤ የኢትዮጵያ የቀን ሠራተኛ የምሥራቅ ሱዳንን ኑሮ የሚያውቀው በዚህ በኩል ነው። ሰሊጡ በጆንያ ሆኖ በከሰላ መንገድ ወደ ፖርት ሱዳን ሲወርድ ከመኪናው ላይ የሚያወርደው ቤጃ ነው። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም፤ አንዱ ያጨደውን ጆንያ ግን ሌላው ተሸክሞታል።

በ1958 የተማሩ ቤጃዎች ፖርት ሱዳን ላይ ተሰብስበው «የቤጃ ኮንግረስ»ን መሠረቱ። ጥያቄያቸው ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ውኃ፣ ከወደቡ ገቢም ድርሻ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ጄኔራል ዓቡድ መንግሥት ገልብጦ ፓርቲዎችን ሁሉ አገደ።

ከዚያ ግድቡ መጣ። ግብፅ አስዋን ላይ የምትሠራው ከፍተኛ ግድብ ዋዲ ሐልፋን ስለሚያሰጥም፣ 50 ሺህ የሚጠጉ ኑቢያውያን በ1964 በባቡር ተጭነው ወደ ምሥራቅ፣ በአትባራ ወንዝ ላይ ካሽም ኤል ጊርባ ወደተሠራው ግድብ አካባቢ ተወሰዱ። መኖሪያቸውም ኒው ሐልፋ ተባለ። ሰፈራውን ከተቃወሙት መካከል በኢትዮጵያም እጅግ የሚወደደው ኑቢያዊው ድምፃዊ መሐመድ ዋርዲ ነበረበት፤ በዚህም ምክንያት ታስሯል። የተፈናቀሉት ኑቢያውያን የሰፈሩበት መሬት ደግሞ የሹክሪያና የቤጃ ዘላኖች ግጦሽ ነበር። አንዱን ተፈናቃይ ለማስፈር ሌላው ተነሣ። ለመጀመሪያው ዋርዲን የመሰለ ድምፅ፣ ኦምዱርማን ላይም ሬዲዮ ነበረው። ሁለተኛው ዜማውን የሚሰማው በሠርጉና በግመሉ ጉዞ ብቻ ነበር፤ በ1940 የተመሠረተው የኦምዱርማን ሬዲዮ የአገሪቱን ጆሮ ያሠለጠነው በዐረብኛ ዘፈን ነውና።

በ1984 ሰማዩ በቀይ ባሕር ተራሮችም፣ በወሎና በትግራይም ነጠፈ። በዚያ ዓመት መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በእግራቸው ወደ ገዳሪፍና ከሰላ ግዛት ገቡ። ኡም ራኩባን የመሳሰሉ መጠለያዎች ሞሉ፤ ቤተ እስራኤላውያን በስውር በአውሮፕላን የተወሰዱትም ከዚሁ አካባቢ ነው። ለንደን ላይ ቦብ ጌልዶፍ የሮክ ዘፋኞችን ሰብስቦ ለረሃቡ ርዳታ የሚሆን የባንድ ኤይድን ነጠላ ዜማ ቀረጸ። በጥር 28 ቀን 1985 ደግሞ ለዚያው ዓላማ ሎስ አንጀለስ ላይ «ዊ አር ዘ ወርልድ» ተቀረጸ፤ ስለ ሥራ አጡ አሜሪካዊ በመዝፈን ስም ያተረፈው ብሩስ ስፕሪንግስቲንም ድምፁ አለበት። የተሰበሰበው ገንዘብ በመርከብ እህልና በጭነት መኪና ሆኖ ምጽዋ፣ አሰብና ፖርት ሱዳን ደረሰ። ያ ርዳታ ነፍስ አድኗል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። የፖርት ሱዳን ቤጃ የርዳታውን ጆንያ ከመርከብ ሲያወርድ ግን የራሱ ከብትና ግመል ከኋላው ባለው ተራራ ላይ አልቆ ነበር። መንጋቸው ያለቀባቸው ቤተሰቦች ወደ ከተማው ጠርዝ ወርደው በጣውላና በቆርቆሮ ሰፈሩ። በተራራው ላለቀው ግመል ማንም አልዘፈነም።

ኑሪ የዚያች ከተማ ልጅ ነው። አባቱ በፖርት ሱዳን የታወቀ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ነበር። የቤጃ መሣሪያ ታምቡር ይባላል፤ ለኢትዮጵያዊ ዓይን ክራር ነው፣ አመታቱም እንግዳ አይሆንበትም። የሱዳንና የኢትዮጵያ ደጋ ዜማዎች በአምስት ድምፅ ላይ የቆሙ ስለሆኑ የጎንደር ሠርግ የዋርዲንና የሰይድ ኸሊፋን ዘፈን እንደ ራሱ ይቀበላል፤ የቤጃ ቅኝትም ከዚህ ዘመድነት አይወጣም።

በ1989 ዑመር አል በሺር ሥልጣን ያዘ። አዲሱ መንግሥት አገሪቱን በአንድ ሃይማኖታዊ መልክና በአንድ ቋንቋ፣ በዐረብኛ፣ ለመቅረጽ ተነሣ። ሙዚቀኞች ታሰሩ፣ ተሰደዱ፣ መድረክ ተነፈጉ። በዳውየት፣ የቤጃ ቋንቋ፣ በትምህርት ቤትም በመገናኛ ብዙኃንም ቦታ አልነበረውም። ኑሪ መሣሪያውን የሠራው በዚህ ጊዜ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከፖርት ሱዳን የቁርጥራጭ ብረት ክምር ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር አንገት አገኘ። አባቱ የሰጠው የ1970ዎቹ ታምቡር ነበረው። ሁለቱን በብየዳ አጣብቆ፣ ድምፅ ማንሻ አስገብቶ፣ ከማጉያ ጋር አገናኘው። የወጣው ድምፅ ክራርም ጊታርም ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ብረት ብረት የሚል፣ ግን እየተጠቀለለ የሚመለስ። ኑሪ «ታምቦ ጊታር» ይለዋል። ገንዘብ ያለው ሰው ጊታር ከሱቅ ይገዛል፤ ይህ መሣሪያ ከወደብ ከተማ ፍርስራሽ ተለቅሞ የተሠራ ነው፣ እናም የድህነቱ ታሪክ ገና ክሩ ሳይነካ እንጨቱና ብረቱ ላይ አለ።

በእነዚያው ዓመታት ከፖርት ሱዳን በስተ ምዕራብ፣ አርያብ በሚባለው በረሃማ ተራራ ላይ፣ የሱዳን መንግሥት ከፈረንሳዮች ጋር ሆኖ ወርቅ ማውጣት ጀመረ። ወርቁ ከቤጃ መሬት ይወጣል፣ ገንዘቡ ካርቱም ይገባል፤ በማዕድኑ ዙሪያ ያሉ መንደሮች ውኃ በአህያ ያመላልሳሉ። ወደቡም ተለወጠ። ኮንቴነርና ክሬን ሲገቡ አንድ መርከብ ለማራገፍ የሚያስፈልገው ትከሻ ጥቂት ሆነ። ለሦስት ትውልድ ጆንያ የተሸከመው ሰው ሥራ ፈት ሆኖ በወደቡ አጥር ሥር ተቀመጠ። በገጠሩ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳና የምግብ እጥረት ሰፍኖ ነበር፤ እናቶች በወሊድ ይሞቱ ነበር።

በጥር 29 ቀን 2005 ቤጃዎች የሀብትና የሥልጣን ድርሻ ጠይቀው ፖርት ሱዳን ውስጥ ሰልፍ በወጡበት ወቅት የጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ከፍተው ከ20 ያላነሱ ሰዎችን ገደሉ። ከሞቱት ብዙዎቹ ከወደቡ ሠራተኞች ሰፈር ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2006፣ ሁለት ነገሮች ሆኑ። በጥቅምት ወር አሥመራ ላይ በመንግሥትና የምሥራቁ አማፅያን ስብስብ በሆነው በምሥራቅ ግንባር መካከል የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ለምሥራቁ ልማት የሚውል ገንዘብም ቃል ተገባ። ኑሪ ደግሞ «ዶርፓ» የተባለውን ባንድ አቋቋመ። ስምምነቱ ቃል ከገባው ገንዘብ ውስጥ ለተራው ቤጃ የደረሰው ጥቂት ነው። ባንዱ ግን ዘለቀ።

እዚህ ላይ የስፕሪንግስቲን ነገር ይመለሳል። በ2008 የአሜሪካ ባንኮች ወድቀው ሚሊዮኖች ቤታቸውንና ሥራቸውን ካጡ በኋላ በመጋቢት 2012 «ሬኪንግ ቦል» የተባለ አልበም አወጣ። የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለ ፋብሪካ ሠራተኛ ዘፍኗል፣ አሁን ደግሞ በባለባንኮች ላይ ቁጣውን በግልጽ አወጣ። አልበሙ በአሜሪካና በእንግሊዝ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ። አድማጩ ቋንቋውን ያውቃል፣ ሬዲዮው ክፍት ነው፣ ዘፋኙም ስለ ተናገረው አይታሰርም። ኑሪ ከነዚህ ሦስቱ አንዱም አልነበረውም። ስለዚህ ልዩነቱ የችሎታ ወይም የቁጣ መጠን አይደለም፤ አንዱ ስለ ድህነት ሊናገርበት የሚችል መድረክ አለው፣ ሌላው መድረኩን ራሱ ከቁርጥራጭ መሥራት ነበረበት። በዳውየት በማይሰማበት አገር ውስጥ ዜማውን ያለ ቃል መልቀቅ ሽሽት ሊመስል ይችላል። ሲሰማ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሳንሱር የሚያደርግ ሹም ከዜማ ውስጥ የሚሰርዘው መስመር አያገኝም፣ ቤጃ የሆነ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ምቶች የማን እንደሆነ ያውቀዋል።

በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል ካርቱም የነዳጇን ሦስት አራተኛ አጣች። ጉድለቱን በወርቅ ለመሙላት ሞከረች፤ ኑሮው ግን ከዓመት ዓመት ከበደ። በታኅሣሥ 19 ቀን 2018 አትባራ ላይ የአንድ ዳቦ ዋጋ ከአንድ ፓውንድ ወደ ሦስት መውጣቱን በመቃወም የተጀመረው ሰልፍ በማግሥቱ ገዳሪፍ ደረሰ። የአገሪቱ የእህል ጎተራ የምትባለው ከተማ ልጆች ዳቦ ጠይቀው ወጡ፤ ጥይት ጠበቃቸው፣ በዚያው ቀን ሰዎች ሞቱ። ሰሊጥና ማሽላ በጆንያ ተከምሮ በሚታይበት ገበያ አጠገብ ሰው በዳቦ ምክንያት መገደሉ የምሥራቁን ታሪክ ከማንኛውም ሪፖርት አብልጦ ይገልጻል። በሚያዝያ 2019 አል በሺር ወረደ።

ለሙዚቃ ጥቂት የነጻነት ጊዜ ተገኘ። ለምሥራቁ ግን ጥያቄው አልተመለሰም። በጥቅምት 2020 ጁባ ላይ የተፈረመው ስምምነት ምሥራቁን በሚመለከት ማንን እንደሚወክል ከባድ ክርክር አስነሣ። በመስከረም 2021 በሐደንደዋው ናዚር (የነገድ አለቃ) ሰይድ መሐመድ አል አሚን ቲሪክ የሚመራው የቤጃ ናዚሮች ምክር ቤት ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደውን መንገድና ወደቡን ዘጋ። ስንዴና ነዳጅ ቆመ፣ የገዳሪፍ ሰሊጥም መውጫ አጣ። ለዘመናት የሸክም ተራ ሲጠብቅ የኖረ ሕዝብ ያለ እሱ ወደቡ እንደማይሠራ ለካርቱም አሳየ። መዘጋቱ ግን የሽግግር መንግሥቱን አዳከመ። በጥቅምት 25 ቀን ጦሩ ሥልጣን ያዘ፣ ብዙም ሳይቆይ ወደቡ ተከፈተ። የድሃው አቤቱታ የጄኔራሎች መሰላል መሆኑ እጅግ የሚያሳዝን የታሪኩ ክፍል ነው።

አልበሙ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። አሳታሚው የቤጃ ሙዚቃ በዓለም አቀፍ ደረጃ ሲታተም የመጀመሪያው መሆኑን ገልጿል። ከዜማዎቹ አንዱ «አል አመል» ይባላል፣ ተስፋ ማለት ነው። ሌላው «ጀበና» ነው፤ ቤጃ ቡናውን በዝንጅብል አፍልቶ በትንንሽ ስኒ ደጋግሞ የሚጠጣ ሕዝብ ነውና ርእሱ ለጎንደር አድማጭም ቤተኛ ነው። ታምቦ ጊታሩ አንድ አጭር ሐረግ ያነሣል፣ ይደግመዋል፣ በትንሹ ያጣምመዋል፤ ከበሮዎቹ ከሥሩ ሳይቸኩሉ ይሄዳሉ። ከዚያ ሳክስፎኑ ይገባል፤ ድምፃዊ ሊቆም በሚገባው ቦታ ላይ ይቆማል። ልቅሶ አይደለም፣ ጭፈራም ብቻ አይደለም። ቁጣ የሚጠብቅ ሰው ጩኸት አያገኝበትም፤ የሚያገኘው ማንም ሳይሰማው ለረጅም ጊዜ ሲጫወት የኖረ ሰው እርግጠኝነት ነው። መሣሪያውን ከበየደበት ዓመት እስከ አልበሙ ድረስ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው።

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ የሙዚቃ ጸሐፊዎች አልበሙን አደነቁት፤ ሸክላው የተሸጠውም በብዛት በዚያው ነው። የጋሽ እረኛ ወይም የገዳሪፍ አጫጅ ሸክላ ማጫወቻ የለውም። የሀብት አለመመጣጠንን የሚናገር ሥራ ራሱ በዚያው ሚዛን ተገበያየ። ጥፋቱ የሙዚቀኛው አይደለም፤ ምሥራቅ ሱዳን ውስጥ አልበም የሚያሳትም ድርጅት ቢኖር ኑሪ ይህን ያህል ዓመት ባልጠበቀ ነበር።

በሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ተጀመረ። ፈጥኖ ደራሹ ገና በመነሻው ኦምዱርማን የሚገኘውን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሕንፃ ያዘ፤ የአገሪቱ የዘፈን ቅጂዎች የተከማቹበት መዝገብ አደጋ ላይ ወደቀ። በግንቦት ወር ድምፃዊት ሻደን ጋርዱድ እዚያው ኦምዱርማን በቤቷ ሳለች በተኩስ ልውውጥ ተገደለች። ጦሩ ሕንፃውን ያስመለሰው በመጋቢት 2024 ነው። በዚህ መሀል በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች ገዳሪፍ ገቡ፣ በትምህርት ቤቶችና በድንኳን ሰፈሩ፤ ኮሌራም ተከተላቸው። ከፊሎቹ በገላባት አልፈው መተማ ደረሱ፣ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ተቀመጡ። በ1985 ስደተኛው ወደ ገዳሪፍ የገባበት መንገድ አሁን ሱዳናውያን በተቃራኒው ይሄዱበት ጀመር።

መንግሥቱ ደግሞ ወደ ፖርት ሱዳን ተዛወረ። ለመቶ ዓመት ከካርቱም ትኩረት ሲለምን የኖረው የቤጃ ከተማ በአንድ ጊዜ የሚኒስትሮች፣ የጄኔራሎችና የዲፕሎማቶች መናኸሪያ ሆነ። የቤት ኪራይ ናረ፣ ድሮም የማይበቃው ውኃ ይበልጥ ጠፋ። ጦርነቱን ከሚደጉሙት ሀብቶች ዋነኛው አሁንም ወርቅ ነው፤ ከፊሉ ከዚያው ከቀይ ባሕር ተራሮች ይወጣል። በግንቦት 2025 ሰው አልባ አውሮፕላኖች የፖርት ሱዳንን አውሮፕላን ማረፊያና የነዳጅ ማከማቻዎች ለተከታታይ ቀናት ደበደቡ። ነዳጅ ሲጠፋ የጭነት መኪና ኪራይና የእህል ዋጋ አብሮ ይወጣል፤ ሒሳቡን የሚከፍሉት ደግሞ በጆንያው ሁለት ጫፍ ያሉት፣ የገዳሪፍ አጫጅና የወደቡ ተሸካሚ ናቸው።